የመርዱኽ ዙፋን

መርዱኽ እባላለሁ። መታወቂያዬ መርዶክዮስ ይለኛል፤ ከመታወቂያዬና ከአንዲት የባንክ ሠራተኛ በቀር ግን መርዶክዮስ ብሎ የጠራኝ የለም። የተወለድኩትም ያረጀሁትም ከኩርዲስታን የመጡ አይሁዶች በሰፈሩባት፣ ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ ባለች የኮረብታ መንደር ነው። አባቴ እዚያ ኩርዲስታን፣ ዛኾ ከተማ ሳለ ሥራው ግንድ በወንዝ ላይ እያንሳፈፈ ቁልቁል መንዳት ነበር። እዚህ ሲደርስ ድንጋይ የበዛበት ኮረብታ ሰጡት። “ወንዙ የት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ “ወንዝ የለም፣ ዶሮ አለ” አሉት። እስኪሞት ድረስ ዶሮ ሲያረባ ኖረ። ዶሮዎቹንም ያው እንደ ግንድ ነበር የሚነዳቸው፣ በረጅም ዘንግ እየገፋ።

እኔ ዶሮዎቹንና ዘንጉን ወረስኩ። ዶሮዎቹ በበሽታ ሲያልቁ ወይን ተከልኩ። ወይኑ ደህና ነው። ደህና የሆነው ግን ሚስቴ ገኡላ ስለምትገርዘው ነው፤ የእኔ ድርሻ ለመጣ ለሄደው ስለ ወይኑ ማውራት ነው። በመንደራችን እያንዳንዱ ሰው የሚታወቅበት ነገር አለው። አንዱ ትራክተር ሲነካው ይነሳለታል፣ አንዱ በምኩራብ ሲያዜም ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤቴ ሰልማን ጅራታቸውን የሚዘረጉ ፒኮኮች አሉት። እኔ ወሬ አለኝ። ወሬ ደግሞ ሹመት አያመጣም። አንድ ጊዜ ለመንደሩ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ተወዳደርኩና ከቤተሰቤ ቁጥር ያነሰ ድምፅ አገኘሁ። ማን እንደከዳኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ገኡላን በጠየቅኳት ቁጥር ሽንኩርት መክተፍ ትጀምራለች።

ትልቅ ሰው የመሆን ምኞቴን እንግዲህ በቃ ልቅበረው ስል፣ ከገዛ ጓሮዬ ተቆፍሮ ወጣልኝ።

ነገሩ የጀመረው በመጨረሻዋ ልጄ በኦርታል ጋብቻ ነው። ኦርታልና እጮኛዋ ከተማ ውስጥ ቤት መከራየት ስላቃታቸው፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ድሮ የዶሮ ቤቱ ከነበረበት ላይ፣ ሁለት ክፍል ልንሠራላቸው ተስማማን። ፈቃዱ ወጣ፣ ኤክስካቫተሩ መጣ። ገና መሬቱን ጫር ጫር እንዳደረገ ብረቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። ድንጋይ በእኛ መንደር ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን የተጠረበ ነበር። ጥርስ በጥርስ ተገጣጥሞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ግድግዳ።

ባለማሽኑ ሞተሩን አጠፋና ራሱን እያከከ፣ “ጋሼ፣ ይሄን የቅርስ ሰዎች ሳያዩት አልነካውም” አለኝ።

“የምን ቅርስ? የአባቴ የዶሮ ቤት መሠረት ነው እኮ።”

“አባትዎ ለዶሮ ቤተ መንግሥት ነበር እንዴ የሚሠሩት?”

“ግድ የለህም፣ አፈሩን መልስበትና ትንሽ ወደ ግራ እንቆፍራለን” ልለው አፌን ስከፍት፣ ሰልማን አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሲያየን አየሁት። ሰልማን አብሮ አደጌ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጣላ ነው የኖርነው፤ አንዳችን ብንሞት ሌላው ከማን ጋር እንደሚጣላ እንጃ።

“መርዱኽ፣ ደወልክላቸው?” አለኝ።

“ለማን?”

“ለቅርስ ሰዎች ነዋ። ስልክህ ከዘጋ ችግር የለም፣ እኔ እደውልልሃለሁ። የኔ ቻርጅ ተደርጎ ነው ያደረው።”

ከእሱ ልቅደም ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩና ደወልኩ። ለአገሬ ታሪክ ያደረግኩት አስተዋጽኦ እንግዲህ ይኸው ነው፤ በሰልማን ላለመቀደም ስልክ መደወል።

በማግስቱ ዶክተር ኖጋ የምትባል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ተማሪዎቿን አስከትላ መጣች። አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣዋ ራሱ ከጉድጓድ የወጣ የሚመስል ሴት ነበረች። ጓሮዬን በገመድ ከፋፈለችው። ኤክስካቫተሩ ሄደ፤ በምትኩ ትናንሽ ማንኪያና ብሩሽ የያዙ ልጆች ተንበርክከው አፈር ያባብሉ ጀመር። ኦርታል ክፍሏ ገብታ አለቀሰች። እኔም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ጮህኩ።

“ዶክተር፣ ልጄ ልታገባ ነው! ሙሽራ ድንኳን ውስጥ ላሳድር?”

“አብርሃምና ሣራስ በድንኳን አልነበር የኖሩት?” አለችኝ ቀና ሳትል።

“እነሱ አማት አጠገባቸው አልነበረቻቸውም!”

ይሄን ስል ቀና ብላ ሳቀች። ከዚያም ነገሩን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ግድግዳው በይሁዳ ነገሥታት ዘመን የነበረ የአንድ ባለጸጋ ቤት ነው፤ የአትክልት ቦታና የውኃ ቦይም ነበረው። ቆፍረው፣ ፎቶ አንስተው፣ ጽፈው ሲጨርሱ ቦታውን ይለቁልናል። ሠርጉ ይደርሳል አይደርስም ብዬ ስጠይቃት “የጥንቱ ባለቤት ብዙ ዘመን ጠብቆናል፣ እርስዎም ትንሽ ይጠብቁን” አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥላ ሥር ወንበር አውጥቼ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። እንዲያፍሩና እንዲቸኩሉ ብዬ ነው። እነሱ ግን ገኡላ የምትሰጣቸውን ሥጋ የተሞላ የሊጥ ድብልብል ያለበት ጎምዛዛ የኩቤ ሾርባ እየጠጡ ጭራሽ ሠሩ ከማለት ተመቻቹ ማለት ይቀላል።

አንድ ጠዋት ከግድግዳዎቹ መሀል ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ተንጫጩ። ሮጬ ሄድኩ። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ በደንብ የለሰለሰ፣ ላዩ ሰው ሲቀመጥበት እንዲመች ጎድጎድ ተደርጎ የተጠረበ። መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። አቧራው ሲጠረግለት ጥርስ የመሰለ ንጣቱ ወጣ። መግባት ክልክል የሆነበት ጉድጓድ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና፣

“ዙፋን!” አልኩ።

“ምን አሉ?” አለች ዶክተር ኖጋ።

“ዙፋን ነው እንጂ! ለመቀመጫ እንዴት ተደርጎ እንደተጠረበ አያዩም?”

ተማሪዎቹ ተያዩ። አንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ምስኪን፣ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት እያለቀሰ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ዶክተር ኖጋ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና፣ “መቀመጫ መሆኑስ መቀመጫ ነው” አለች። “ግን ጋሽ መርዱኽ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ ሳይመጣ እኔ ምንም አልልም። ለሌላ አገልግሎትም ሊሆን ይችላል። እርስዎም ለጊዜው ምንም ባይሉ ይሻላል።”

ከዚህ ሁሉ ንግግር ጆሮዬ ውስጥ የገባው “መቀመጫ ነው” የሚለው ብቻ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ። ትናንት ድንጋዩን ስረግም የነበርኩት ሰውዬ፣ ድመት በአጠገቡ ስታልፍ ድንጋይ የምወረውር ዘበኛ ሆንኩ። የሰልማን ፒኮክ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ወጥቶ ሲጮህ “ከንጉሥ ግቢ ውጣ!” ብዬ አባረርኩት። ሰልማን ይሄን ሰምቶ አልሰማሁም ይላል። መጽሐፈ ነገሥትን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ በእኛ መንደር ያለፈ ንጉሥ ፍለጋ ሙሉውን አነበብኩት። አንድም የለም። “ያልተጻፈ ሁሉ አልነበረም ማለት አይደለም” አልኩ ለገኡላ። “ንጉሥ ሕዝቅያስ ክረምት ኢየሩሳሌም ሲቀዘቅዘው የት ይሄድ ነበር? ተጽፏል? አልተጻፈም። በቃ!”

“እዚህ ከኢየሩሳሌም ይብስ ይቀዘቅዛል” አለችኝ።

“እንግዲያው በጋ ነው የሚመጣው።”

በሰንበት ቆፋሪዎቹ የሉም። ጸሎት አልቆ ሰው ከምኩራብ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩና መንደሩን ሙሉ እየመራሁ ጓሮዬ አመጣሁት። የምኩራባችን ሽማግሌ፣ መምህራችን ሐኻም ዘካይም በልጃቸው ክንድ ተደግፈው መጡ። እሳቸው ጥርሳቸው አልቆ ቀልዳቸው ያላለቀ፣ መንደሩን ሙሉ የገረዙ፣ የዳሩና ያስታረቁ ሰው ናቸው። የሸፈነውን ሸራ እንደ መጋረጃ ገለጥኩት።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ደስ የሚል ዝምታ ነበር። በምርጫው ጊዜ ንግግር ሳደርግ እንዲህ ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

“ቀዳዳው ምንድን ነው?” አለ ሰልማን።

ይሄን ጥያቄ ሳስብበት ነበር የሰነበትኩት። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “ንጉሥ ሲነግሥ ምን ይደረግለታል? በዘይት ይቀባል። ዘይቱ ከራሱ ወደ ጢሙ፣ ከጢሙ ወደ ልብሱ ይወርዳል። ታዲያ የት ይሂድ? ወለሉ ላይ ይንጣለል? በቀዳዳው ይወርዳላ!” አልኩ።

“ብልሆች ናቸው” አለ አንዱ ከኋላ።

“ያን ያህል ዘይት በአናቱ ላይ ያፈሱበታል እንዴ?” አለ ሰልማን። “ንጉሥ ነው ሰላጣ?”

ገኡላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ድንጋዩን ዞራ አየችው፤ ጎንበስ ብላም ወደ ቀዳዳው ውስጥ ተመለከተች። “መርዱኽ” አለችኝ በቀስታ፣ “እኔ እንጃ። ይሄን ነገር ዕድሜ ልኬን ሳጥበው የኖርኩ ነው የሚመስለኝ።”

“ሴትዮ፣ ንጉሥ ፊት ነሽ!” አልኳት።

ሐኻም ዘካይ እንዲቀመጡበትና እንዲባርኩት ለመንኳቸው። ይሁን አሉ። ልጃቸውና እኔ ደግፈን ጉድጓዱ ውስጥ አወረድናቸውና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለ ዳዊት ዙፋን የሚናገረውን መዝሙር በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው ሲያዜሙት እንባዬ መጣ። ሌሎችም አለቀሱ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገልጠው፣

“ልጄ መርዱኽ፣ መቼም ይመቻል” አሉ። “ንግሥና እንዲህ የሚመች ነገር መሆኑን ማን አወቀ?”

በዚሁ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ዓርብ ዓርብም ቆፋሪዎቹ እንደማይመጡ አውቅ ነበርና፣ ለአካባቢው ጋዜጣ ደውዬ ጋዜጠኛ ጠራሁ። የአባቴን የዶሮ ዘንግ በእጄ ያዝኩ። የሳሎናችንን ወይን ጠጅ መጋረጃ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ፣ ሩቅ ሩቅ አየሁ። ሩቅ ያለው የሰልማን ሽንት ቤት መስኮት ነበር፤ ያኔ ግን ልብ አላልኩትም። ፎቶው በፊት ገጽ ወጣ። ከሥሩ “መርዱኽ በዙፋኑ ላይ” ይላል። ስንት ቅጂ እንደገዛሁ ለገኡላም አልነገርኳት።

ዶክተር ኖጋ ጋዜጣውን እያውለበለበች መጣች። ፊቷ ከአፍንጫዋ ይልቅ ቀልቶ ነበር።

“ተቀመጡበት?!”

“ለጥቂት ጊዜ ነው።”

“ጋሽ መርዱኽ፣ እኔ ይሄን ድንጋይ በብሩሽ ስነካው ትንፋሼን ይዤ ነው። እርስዎ በቂጥዎ?”

“ታዲያ ዙፋን በምን ይነካል?”

ተማሪዎቿን ጠራች። ድንጋዩን በሱፍ ጨርቅ ጠቅልለው በመኪና ጭነው ወደ መጋዘን ወሰዱት። የመኪናው መንገድ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። ኢየሩሳሌም ያሉት ሰዎች ቀንተው ዙፋናችንን እየነጠቁን ነው ብዬ ጮህኩ። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ግርማዊነትዎ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ” ሲለኝ፣ ሰውየው ጨዋ ነው ብዬ አሳለፍኩት።

የኦርታል ሠርግ ደረሰ። ከሠርጉ በፊት በእኛ ልማድ የሂና ድግስ አለ፤ ሙሽሮቹ እጃቸውን ሂና ይቀባሉ፣ ሁለቱ ወገን ይተዋወቃል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል። ድግሱን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ አደረግነው። የእጮኛዋ እናት የቴል አቪቭ ሴት ናት፤ ጥርስ ሐኪም። ከተጫጩ ጀምሮ ቤታችን ስትመጣ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጋ ነው የምትቀመጠው፤ ከ“አመሰግናለሁ” ሌላ ቃልም ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሷን አንገት ለማስደፋት ስል ያንን የጋዜጣ ፎቶ በር የሚያህል አድርጌ አሳትሜ መግቢያው ላይ ሰቀልኩት። ቆማ አየችው። “አመሰግናለሁ” ብላ ገባች።

ዶክተር ኖጋንም ጋብዣት ነበር። ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሲበላ መጣች፤ ባርኔጣዋን አውልቃ ቀሚስ ለብሳ። ወደ ጎን ወስዳኝ፣

“ውጤቱ መጥቷል። ጋሽ መርዱኽ፣ ነገ መጥቼ ለብቻዎ ልንገርዎት” አለችኝ።

“ለምን ነገ? ለምን ለብቻዬ?”

“እሱ ይሻላል። ይመኑኝ።”

ሰው ሲመክረኝ የምሰማ ቢሆን ኖሮ ይሄ ታሪክ አይኖርም ነበር። ማንኪያ አንስቼ ብርጭቆ መታሁ። ከበሮው ቆመ። “ወገኖቼ!” አልኩ። “ዶክተር ኖጋ ከላቦራቶሪ የመጣውን የምሥራች ልታበስረን ነው። እኔ ከሕዝቤ የምደብቀው ነገር የለም!”

“ጋሽ መርዱኽ፣ እባክዎ…”

“ይናገሩ! አይፈሩ! የየትኛው ንጉሥ ነው?”

ሴትዮዋ መንደሩን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደችና እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ ጀመረች። “ከድንጋዩ በታች የተጠረበ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ የወሰድነው አፈር በአጉሊ መነጽር ሲታይ የአንጀት ትላትል እንቁላል ተገኝቶበታል። የኮሶ ትልም አለበት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ የለንም። ዙፋን አይደለም። ሽንት ቤት ነው።”

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። ምድር ደግሞ አጠገቤ ተሰንጥቃ ነበር፣ በራሷ በዶክተሯ እጅ፤ ዘልዬ ልገባባት ትንሽ ነው የቀረኝ። ከዚያ ሰልማን ከሩቁ ጠረጴዛ፣

“መርዱኽ፣ ዘይቱ ታዲያ?” አለ።

ሳቅ ሊፈነዳ ሲል ሐኻም ዘካይ እጃቸውን አነሱ። ልጃቸው ደግፎ አስነሳቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተግሣጹን ጠበቅኩ፤ ሽማግሌውን ሽንት ቤት ላይ አስቀምጬ መዝሙር ያስዜምኩት እኔ ነኝ።

“እንግዲያው” አሉ፣ “የተሳሳተ ጸሎት ነው ያደረስኩት። ከዚያ ቦታ የሚነሳ ሰው የሚያቀርበው ምስጋና ሌላ ነው። ዕዳዬን ልክፈል።” ውኃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያም ከልጅነታችን ጀምሮ ከሽንት ቤት በወጣን ቁጥር የምናነበንባትን አጭር ምስጋና፣ ሰውን በጥበብ ስለፈጠረ፣ ቀዳዳውንና ቧንቧውን ሁሉ በቦታው ስላደረገ፣ አንዱ ቢደፈን መቆም ስለማንችል ፈጣሪን የምናመሰግንባትን፣ ቃል በቃል ቀስ ብለው አደረሷት። በመዝሙሩ ጊዜ እንኳ እንዲህ ከልባቸው አላዜሙም ነበር። ሲጨርሱም፣ “እናንተ ወጣቶች ትስቃላችሁ። በእኔ ዕድሜ ይሄ ከንግሥና ይበልጣል። ልጄን ጠይቁት” አሉ።

“አሜን!” አለ ሕዝቡ። ከአሜኑ ጋር የታፈነው ሳቅ አብሮ ወጣ። እንዲህ ያለ ሳቅ በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም። ጠረጴዛ የሚደበድብ ነበር፣ መሬት የተቀመጠ ነበር።

እኔ ወደ ወይን እርሻው ሸሸሁ። ከተክሉ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ስሜን ቀይሬ የት ከተማ እንደምሄድ ሳስብ፣ ኦርታል የሂና ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ መጣች።

“አባዬ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?”

“አዋረድኩሽ። በአማትሽ ፊት አዋረድኩሽ።”

“አማቴን አየሃት?”

“እንዴት ብዬ አያታለሁ?”

“ና እይ። ስትስቅ ኩሏ እስከ አገጯ ወርዷል። ከሰልማን ጋር ነው የተቀመጠችው። ‘ቀብተው በቀዳዳው!’ እያለች እንደገና ትስቃለች። እናቴን አቅፋ ‘እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ነበር የምፈልገው፣ የተኮፈሳችሁ መስላችሁኝ ፈርቼ ነበር’ አለቻት።”

“እኛ ነን የተኮፈስነው?”

“አንተ ነህ አባዬ” አለችና ሣሩ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። “መግቢያው ላይ በር የሚያህል ፎቶ ሰቅለህ…” ሐሳቧን ሳትጨርስ ሳቅ አፈናት። እኔም በመጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ከዚያ ያ መጋረጃ ትከሻዬ ላይ፣ ያ ዘንግ፣ ያ ሩቅ ሩቅ ማየት በዓይኔ መጣብኝና አብሬያት ሳቅኩ። ተያይዘን ወደ ድግሱ ተመለስን። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ እንደ ንጉሥ ማለት ነው። ዶክተር ኖጋ ልታጽናናኝ መጥታ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ እስካሁን የተገኘው በጣት የሚቆጠር መሆኑን፣ በዚያ ዘመን የግል ሽንት ቤት የነበረው ከባለጸጋም ባለጸጋ መሆኑን ነገረችኝ። “ዙፋን ቢሆን ይሄን ያህል ደስ አይለኝም ነበር” አለች። “ዙፋን ሰው ምን መስሎ መታየት እንደሚፈልግ ነው የሚነግረኝ። ይሄ ግን ምን እንደበሉና ምን እንዳመማቸው ይነግረኛል።” ገኡላ ይሄን ሰምታ ሌላ ሳህን ኩቤ አመጣችላት።

ሠርጉ አለፈ። ቆፋሪዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ቦታውን ለቀቁልን፣ የኦርታልም ቤት ተሠራ። ድንጋዩ ሙዚየም ገባ። ገኡላና እኔ ልናየው ሄደን ነበር፤ መስታወት ውስጥ፣ መብራት በርቶለት ተቀምጧል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ይሁዳ፣ ስለ ባለጸጋው ቤት፣ ስለ ትላትሉ ይናገራል። ስለ መርዱኽ ምንም አይልም። ገኡላ “ትሎቹ እንኳ ተጠቅሰዋል” አለችኝ። በመንደሩ ግን “ግርማዊነትዎ” የሚል ስም ወጥቶልኝ ቀረ። ሱቅ ስገባ ሰው ይነሳልኛል። መጀመሪያ ሰሞን ያቃጥለኝ ነበር፤ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ስለ ወይን እንኳ ማውራት አቆምኩ።

በሚቀጥለው ክረምት ሐኻም ዘካይ አረፉ። በሰባቱ የሐዘን ቀናት መንደሩ ሁሉ ቤታቸው ይውል ነበር። ልጃቸው እንደ ወጉ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ አንድ ቃል አይናገርም፣ አይበላም። ሰው እየገባ ስለ አባቱ ቅድስና ይነግረዋል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ዓይኑ እዚያ የለም። ድንገት እኔን ጥግ ላይ አየኝና፣

“መርዱኽ” አለ። “እስቲ ያንን ንገረኝ። አባቴን ያስቀመጥክበትን።”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሐዘን ቤት ይወራል? ግን ልጁ ጠየቀ። እኔም ጀመርኩ። ኤክስካቫተሩን፣ ሰልማንን በአጥሩ ላይ፣ ያን ተማሪ ያለቅሳል ብዬ እንዳዘንኩለት፣ ዘይቱን፣ መጋረጃውን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ አንድም ሳላሳምር። ከዚህ በፊት ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ እኔ የምረታበት ታሪክ ነበር፤ ሰው እያዛጋ ይሰማኛል። ያን ቀን ማንም አላዛጋም። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ያንን ምስጋና ያደረሱበት ጋ ስደርስ፣ ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነና ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ያኛው ተማሪ ትዝ ብሎኝ ምን እያደረገ እንደሆነ መገመት ፈራሁ። እጁን ሲያነሳ እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

“‘መቼም ይመቻል’ አለ አይደል?” አለኝ።

“አሉ። ‘ልጄ መርዱኽ፣ መቼም ይመቻል’ ነው ያሉት።”

“እሱ ነው። እሱ አባቴ ነው” አለና ከቀረበለት ዳቦ ቆርሶ ጎረሰ።

በዚህ መሀል ከሌላ መንደር የመጡ ዘመዶቻቸው ገቡ። ሰልማን ወንበሩን ለቀቀላቸውና ሻይ ቀድቶ አጠገቤ እያስቀመጠ፣ “እነዚህ አልሰሙም” አለኝ። “እንደገና ጀምርላቸው። ስለ ስልኬም ንገራቸው፣ ቻርጅ ተደርጎ ነው ያደረው።”